«ሕዝብ» እና «ሕመምተኛ»፤ ስለ ስኪዞፍሬኒያና ስለ ባይፖላር ሕመም የዘር ውርስ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ፕሮፌሰር ኤሚል ክሬፔሊን የተባሉት ጀርመናዊ የአእምሮ ሕክምና ሊቅ በ1904 ዓ.ም. ወደ ጃቫ ደሴት ተጕዘው በቦይተንዞርግ ሆስፒታል የነበሩትን የአእምሮ ሕሙማን መርምረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከጕዟቸው ምክንያቶች ዋነኛው በአገራቸው ለይተው የገለጿቸው ሁለት ታላላቅ ሕመሞች፤ ይኸውም ዛሬ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የሚባሉት፤ ከአውሮፓ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ይገኙ እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። ሕመሞቹ በዚያም መኖራቸውን፤ መልካቸው ግን በአንዳንድ ነገር የተለየ መሆኑን ጽፈዋል። ልዩነቱ ከዘር የመጣ ይሁን ወይም ከአኗኗር፤ ይህን ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ ግን በዘመናቸው አልነበረም።

ዛሬ መሣሪያው አለ። የሰውን የዘር ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር የሚመረምሩ ጥናቶች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በብዛት ታትመዋል፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹ በቀጥታ የኢትዮጵያን ሰዎች ይመለከታሉ። ስለዚህ የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰው ጥናቶቹን ለሐኪሞችና ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት ብቻ ትቶ ማለፍ አይገባውም። ጥናቶቹ የቆሙት «ሕዝብ» እና «ሕመምተኛ» በሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ነውና። ሁለቱም ቃላት በደም ምርመራ የሚገኙ አይደሉም፤ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት በሰው አስተያየት የሚወሰኑ ናቸው። የሚከተለው ሒስም የሚያተኵረው የቤተ ሙከራው ሥራ እጅግ የተራቀቀ ሆኖ ሳለ፤ የእነዚህ የሁለቱ ቃላት ትርጕም ብዙ ጊዜ ሳይመረመር መታለፉ ላይ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ከንቱ ክርክር አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። የክሬፔሊን ባልደረባ የነበረው ኤርንስት ሩዲን በ1916 ዓ.ም. ስኪዞፍሬኒያ በወንድማማችና በእኅትማማች መካከል ስለሚታይበት አኳኋን ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቍጥሮቹ ግን ከሜንዴል ቀላል የውርስ ሕግ ጋር አልገጠሙም። ከ1922 እስከ 1925 ዓ.ም. ስለ ማኒክ ዲፕሬሲቭ ሕመም ያዘጋጀው ጥናት ደግሞ የሚጠብቀውን ሕግ ስላልደገፈለት ሳይታተም ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን፤ በ1933 ዓ.ም. በጀርመን አገር የማምከን ሕግ በወጣ ጊዜ የሕጉን ማብራሪያ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ይኸው ሩዲን ነበር። ሕጉ ሁለቱን ሕመሞች በስም ጠርቶ ይዟቸዋል። በዚህ ሕግ ኀይል ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል፤ በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. ደግሞ 70,000 ያህል የሆስፒታል ሕሙማንና አካለ ስንኩላን በመንግሥት ዕቅድ ተገድለዋል። ማስረጃው ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ ማቅረብ እስከ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ የታወቀው ነገር ከዚያ ዘመን እምነት እጅግ የራቀ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሁለቱ ሕመሞች በዘር ውርስ ረገድ ጽኑ መሠረት ያላቸው መሆናቸው አያጠራጥርም። በ2009 ዓ.ም. በስዊድን አገር ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤተ ሰቦችን መዝገብ የመረመሩት ሊቃውንት፤ በሕዝቡ ውስጥ ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ለስኪዞፍሬኒያ 64 ከመቶ፤ ለባይፖላር 59 ከመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ገምተዋል። ይሁን እንጂ ውርስ ዕጣ ፈንታ ማለት አይደለም። በ2018 ዓ.ም. የታተመው የዴንማርክ የመንትዮች ጥናት እንደሚያሳየው፤ ከአንድ እንቍላል ከተወለዱ መንትዮች አንደኛው በስኪዞፍሬኒያ ቢታመም ሁለተኛው የሚታመመው ከመቶ 33 ያህል ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሕመሙን የሚያመጣ አንድ ጂን አልተገኘም፤ የተገኙት እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት ኀይል ያላቸው ብዙ ልዩነቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. 36,989 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ከ113,075 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረው ዓለም አቀፍ ጥናት በዘር ቅንጣቱ ላይ 108 ቦታዎችን አመለከተ፤ በ2022 ዓ.ም. የቦታዎቹ ቍጥር 287 ደረሰ። ለባይፖላርም በ2021 ዓ.ም. 64፤ በ2025 ዓ.ም. 298 ቦታዎች ተቈጠሩ። በሦስተኛ ደረጃ ክሬፔሊን በሁለቱ ሕመሞች መካከል ያሰመሩትን መስመር ጂኖቹ አያከብሩትም፤ ከልዩነቶቹ ብዙዎቹ ለሁለቱም የጋራ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ዕውቀት በሁሉም ሕዝቦች ዘንድ እኩል ይሠራ እንደ ሆነ ነው። ለዚህም ከሁሉ የተሻለው መልስ በ2019 ዓ.ም. ከታተመው የምሥራቅ እስያ ጥናት ተገኝቷል። ጥናቱ 22,778 ሕሙማንንና 35,362 ሌሎች ሰዎችን መርምሮ፤ የተለመዱት የጂን ልዩነቶች በስኪዞፍሬኒያ ላይ ያላቸው ኀይል በምሥራቅ እስያና በአውሮፓ ሕዝቦች መካከል በ0.98 መጠን እንደሚመሳሰል አረጋገጠ፤ ይህም ፍጹም አንድነት ከሚባለው ከ1 የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሕመሙ ሥረ መሠረት በነዚህ ሁለት ታላላቅ የሕዝብ ክፍሎች ዘንድ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ይኸው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከሁሉ ጐልቶ የታየው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የሰውነት መከላከያ ጂኖች አካባቢ በምሥራቅ እስያ ጐልቶ አልተገኘም። የሰውነቱ ሥራ ስለ ተለየ አይደለም፤ በአውሮፓ ምልክት የሆኑት ልዩነቶች በዚያ በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ብቻ ስለሚገኙ ነው። የጥናቱ ጸሐፊዎች አንድነቱንና ልዩነቱን ሳያደባልቁ በየቦታው ማስቀመጣቸው ሊመሰገን ይገባል።

ይህ ጥንቃቄ «የተጋላጭነት ነጥብ» በሚባለው ነገር ላይ ሲጠፋ ይታያል። ነጥቡ የሚገኘው አንድ ሰው የተሸከማቸውን ብዙ ሺሕ ልዩነቶች እንደየኀይላቸው መዝኖ በመደመር ነው። ከአውሮፓ ተወላጆች መካከል እንኳ ነጥቡ የሚያስረዳው ከስኪዞፍሬኒያ ተጋላጭነት ልዩነት 7 ከመቶ ያህሉን ብቻ ስለ ሆነ፤ ስለ አንድ ግለሰብ ለመፍረድ አይበቃም። ወደ ሌላ ሕዝብ ሲሻገር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ምክንያቱን ለመረዳት የመንደርን ልማድ ማሰብ ይበቃል። ለእንግዳ ቤት የሚያመለክት ሰው «ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ያለው ቤት» ይላል፤ ቤቱን የሚያስገኘው ዋርካው ሳይሆን ጕርብትናው ነው። ተመራማሪዎቹም በአብዛኛው የሚያገኙት ሕመሙን የሚያግዘውን ልዩነት ራሱን ሳይሆን፤ ከአጠገቡ ሆኖ አብሮት የሚወረሰውን ምልክት ነው። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የትውልዱ ዘመን የረዘመና የሰዉ ቍጥርም ከጥንት የበዛ ስለ ነበረ፤ ሳይቈራረጥ አብሮ የሚወረሰው የክሮሞሶም ክፍል ያጠረ ነው። ዋርካው ቢኖርም ከአጠገቡ ያለው ቤት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

አሊሺያ ማርቲንና ባልደረቦቻቸው በ2019 ዓ.ም. እንዳሳዩት፤ እስከዚያ ዘመን በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ከተካፈሉት ሰዎች 79 ከመቶ ያህሉ የአውሮፓ ተወላጆች ነበሩ፤ እነዚህ ግን ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ሰውነት መጠንና ስለ ደም ንጥረ ነገሮች በመሳሰሉት ጠባያት በተደረገው ማነጻጸሪያም የነጥቡ ትክክለኛነት በአፍሪካ ተወላጆች ዘንድ በ4.5 እጥፍ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዴቪድ ከርቲስ በ2018 ዓ.ም. ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ወደ ዋናው ነገር ይበልጥ ይቀርባል። ከአውሮፓውያን የተቀመረው የስኪዞፍሬኒያ ነጥብ ከሕመሙ ይልቅ ከሰው የትውልድ ምንጭ ጋር የጠነከረ ግንኙነት እንዳለው፤ በአፍሪካና በአውሮፓ ተወላጆች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነትም በሕሙማንና በጤነኞች መካከል ካለው እጅግ እንደሚበልጥ አመልክተዋል። ሕመሙ ግን በሕዝቦች መካከል እንደዚህ ያለ ልዩነት የለውም። እንግዲህ ነጥቡን እንደ ወረደ የሚያነብ ሰው የመለኪያውን ጕድለት የሕዝብ ጕድለት አድርጎ ይወስዳል። ይህ በ1933 ዓ.ም. የተሠራው ስሕተት በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው።

ለዚህ መድኀኒቱ አፍሪካውያንን በጥናቱ ማስገባት ነው የሚለው አስተያየት እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። «አፍሪካዊ» ተብሎ የሚጻፈው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰምና። በብዙዎቹ የቀድሞ ጥናቶች ይህ ስም የተሰጠው በአሜሪካ ለሚኖሩት ጥቍር አሜሪካውያን ነበር። የእነርሱ አባቶች በብዛት የመጡት ከምዕራብና ከመካከለኛው ምዕራብ አፍሪካ ስለ ሆነ፤ ስለ ቦረና ወይም ስለ አሪ ሰው ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቻቸው በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን በመረመሩ ጊዜ፤ የሴምና የኩሽ ቋንቋ በሚናገሩት ዘንድ ከአፍሪካ ውጭ የመጣና ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የገባ ሰፊ የትውልድ ድርሻ አግኝተዋል፤ የኦሞና የናይል ቋንቋዎችን የሚናገሩት ግን በዚህ ረገድ ይለያሉ። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አንድ ስም አይበቃም።

በዚህ ረገድ ከሚመረመሩት ሥራዎች ሁሉ የላቀው በ2022 ዓ.ም. ኤሊዛቤት አትኪንሰንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ነው። ሥራው የተገኘው ኒውሮጋፕ ከሚባለውና በኢትዮጵያ፤ በኬንያ፤ በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ስለ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከሚደረገው ጥናት ነው። ጸሐፊዎቹ ከ900 ሰዎች ደም ወይም ምራቅ ብቻ ወስደው አልተመለሱም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን፤ የወላጆቹንና የአያቶቹን ቋንቋና ጐሣ እንዲናገር ጠይቀዋል። ውጤቱም ሰው ራሱ የሚናገረው የቋንቋ ወገን በቦታ ርቀት ብቻ ሊታይ የማይችለውን የዘር ልዩነት የሚያመለክት መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም ጋር በሦስት ትውልድ ውስጥ አንዳንድ ቋንቋዎች ከቤተ ሰቦቹ እንደ ጠፉ፤ ሌሎችም እንደ ሰፉ ተገንዝበዋል። የአያትን ቋንቋ መጠየቅ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ የዘወትር ሥራ ነው፤ በጂን ምርምር ውስጥ ገብቶ ይህን ያህል ፍሬ ማፍራቱ ለሁለቱም ትምህርቶች ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ስምንና ደምን ማገናኘት የራሱ አደጋ እንዳለው የአሪ ሕዝብ ምሳሌ ያስረዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት አሪዎች ዘንድ አንጥረኞችና ገበሬዎች ተለያይተው ይኖራሉ፤ በጋብቻም አይገናኙም። ሰዎችን በዘር ምድብ የሚከፋፍለው የሒሳብ ዘዴ ሁለቱን ወገኖች የተለያየ ጥንታዊ ምንጭ ያላቸው አስመስሎ አሳይቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ጠልቀው በመረመሩ ጊዜ ግን ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውንና ልዩነቱ የመጣው አንጥረኞቹ ተገልለው በመካከላቸው ብቻ በመጋባታቸው መሆኑን አሳዩ። የማኅበራዊ መገለል ውጤት የጥንት ዘር ልዩነት መስሎ ታይቶ ነበር ማለት ነው። በጋብቻ የተገለለ ወገን ሲሳይ ያነሰው፤ የተናቀና ለብዙ ጭንቀት የተጋለጠ ስለሚሆን፤ እንዲህ ባለው ወገን ዘንድ የአእምሮ ሕመም በዝቶ ቢገኝ ምክንያቱን በደሙ ውስጥ ለመፈለግ መቸኰል አይገባም።

«ሕዝብ» የሚለው ቃል ይህን ያህል ካስቸገረ፤ «ሕመምተኛ» የሚለው ደግሞ ከዚያ አያንስም። በ1972 ዓ.ም. የታተመው የኒው ዮርክና የለንደን ሆስፒታሎች ማነጻጸሪያ፤ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም ከለንደን ሐኪሞች ይልቅ እጅግ አብዝተው እንደሚሰጡ፤ ሕሙማኑ በአንድ ዐይነት መለኪያ ሲመረመሩ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው እንደሚጠፋ ገልጧል። የተለያዩት የባሕር ማዶና የባሕር ማዶ ሰዎች ሳይሆኑ ሐኪሞቹ ነበሩ። አንድ ቋንቋ በሚናገሩ ሁለት ከተሞች መካከል ይህ ከሆነ፤ ቋንቋው፤ ሃይማኖቱና አኗኗሩ በተለየበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ለዚህ ግሩም ማስረጃ የሚሆነው የቦረና ጥናት ነው። በ2004 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ ከ1,800 የሚበልጡ ቦረናዎች በዓለም አቀፍ መጠይቅ ተጠይቀው አንድም የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ አልተገኘም። ውጤቱ ለዘር ተመራማሪ እጅግ የሚያጓጓ ነው፤ ከሕመሙ የሚጠብቅ ልዩ ውርስ ያለው ሕዝብ ተገኘ ለማለት ያስቸኵላልና። ዶክተር ተሾመ ሽብሬ፤ ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ፤ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና የእንግሊዝ አገር ባልደረባቸው ግን ወደዚህ ድምዳሜ አልሮጡም። ወደ ቦረና ተመልሰው የአገሩን ዐዋቂዎች ስለ እብደት ያላቸውን አስተሳሰብ ጠየቁ። በ2010 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፤ ቦረናዎች «መራታ» የሚሉት በገሐድ የሚታይ የጠባይ መለወጥ ያለበትን ሰው ነው፤ ሕመሙ በውስጡ የተሸሸገ፤ ዝም ብሎ የሚኖር ሰው በዚህ ስም አይጠራም። የአገሩ ሰዎች በራሳቸው ቃል በተጠየቁ ጊዜም ሕሙማኑ ተገኙ። የሕመሙ አለመኖር የመጠይቁ አለማየት ኖሯል። በሁለት ጕዞ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ከብዙ ሺሕ የደም ናሙና የበለጠ ያስተምራል።

የቡታጅራ ጥናትም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ዶክተር ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠይቀው 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን አገኙ፤ ከእነዚህም 83 ከመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። በሌሎች አገሮች የወንዶች ብልጫ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሴቶቹ በእውነት አልታመሙም ወይስ በቤት ውስጥ ተሰውረው ቀሩ ወይስ ዕድሜያቸው አጠረ? ይህ ሳይታወቅ ስለ ጾታና ስለ ዘር የሚሰጥ ፍርድ መሠረት የለውም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለአሁኑ ጕዳይ የሚከብደው ሌላው ቍጥር ነው፤ ከሕሙማኑ የአእምሮ መድኀኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ኒውሮጋፕ በ2019 ዓ.ም. ባሳተመው ዕቅድ 17,000 ሕሙማንንና 17,000 ሌሎች ሰዎችን ለመመርመር አስቦ፤ ሕሙማኑን የሚፈልገው በሆስፒታሎችና በክሊኒኮች ነው። ለሥራው ስፋት አማራጭ አልነበረም ሊባል ይችላል። ቢሆንም በኢትዮጵያ ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያ የሚወሰዱት ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ዐዋቂ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆስፒታል የሚደርሰው መንገዱ የቀረበለት፤ ዘመድ የረዳው ወይም ጠባዩ ቤተ ሰቡን ያስቸገረ ነው። በዚህ ወንፊት የተነፋው ሕመምተኛ የሕሙማን ሁሉ ወኪል ሊሆን አይችልም። ይህም ሥጋት እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። በ2025 ዓ.ም. የታተመውና 158,036 የባይፖላር ሕሙማንን የያዘው ጥናት ራሱ፤ በሆስፒታልና በማኅበረ ሰብ የተገኙት ሕሙማን በጂን ወደ ስኪዞፍሬኒያ፤ ስለ ሕመማቸው ራሳቸው የመሰከሩት ደግሞ ወደ ጽኑ የድብርት ሕመም እንደሚቀርቡ አሳይቷል። እንግዲህ ሕመምተኛው የተገኘበት በር የሚገኘውን ጂን ይለውጣል ማለት ነው።

ጂን ባህል አያውቅም፤ ናሙናው ከበዛ እንዲህ ያለው ስሕተት ሁሉ በቍጥር ብዛት ይሸፈናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። አባባላቸው በአጋጣሚ ለሚመጣ ስሕተት ትክክል ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ስሕተት ግን ናሙናው ሲበዛ ይጸናል እንጂ አይጠፋም፤ የተዛባ ሚዛን ሺሕ ጊዜ ቢመዝኑበት ያው ነው። በአንጻሩ ቍጥሩ ሳይበዛ ጥንቃቄ ምን እንደሚያደርግ በ2020 ዓ.ም. የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት ያሳያል። ሱለይማን ጉልሱነርና ባልደረቦቻቸው ከኮሳ ሕዝብ 909 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን በዕድሜ፤ በጾታና በመኖሪያ ቦታ ከሚመሳሰሏቸው 917 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የፈለጉትም አጠገብ የቆመ ምልክትን ሳይሆን ጂኑን ራሱን የሚጐዱ ብርቅ ለውጦችን ነበር፤ እነዚህም በአንጎል ሕዋሳት መገናኛ ላይ በሚሠሩ ጂኖች ውስጥ በሕሙማኑ ዘንድ በዝተው ተገኙ። በስዊድን ሕሙማንም የዚሁ ዐይነት ጂኖች ተጐድተው መገኘታቸው ተረጋግጧል። ከአንድ አፍሪካዊ ሕዝብ የተገኘው ዕውቀት የአውሮፓውን አስረዳ እንጂ አልተለየውም።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። የስኪዞፍሬኒያና የባይፖላር ሕመም የዘር ውርስ እስከ ዛሬ በታየበት ቦታ ሁሉ በአብዛኛው የሰው ልጅ የጋራ ነገር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚለያዩት ምልክቶቹና ብዛታቸው ናቸው። በጥናቶቹ ውስጥ ጐልተው ከታዩት የሕዝብ ልዩነቶች ብዙዎቹ፤ ሲመረመሩ የመለኪያው፤ የስሙ ወይም የሆስፒታሉ በር ልዩነቶች ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ፊት የሚደረግ የዚህ ዐይነት ምርመራ ከመጀመሩ አስቀድሞ በየአገሩ ቋንቋ የእብደትና የጤንነት ስሞች ምን እንደ ሆኑ፤ ሕመምተኛው በየትኛው መንገድ አልፎ ወደ ማን እንደሚሄድ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባና እንደማይጋባ፤ አያቶቹም ምን ቋንቋ ይናገሩ እንደ ነበር ሊጠየቅና ሊጻፍ ይገባል። ይህ ሥራ ለጂን ምርምር እንደ መቅድም የሚቈጠር ትርፍ ነገር አይደለም። ናሙናው የሚገኘው ከሰው ደም ቢሆንም፤ በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የሕዝብና የሕመም ስም የሚገኘው ከሰው አንደበት ነው። ስሙን በትክክል መጻፍም የሕዝቦችን ቋንቋና ባህል የሚያጠኑት ሰዎች ኀላፊነት ነው።